ፓራናፒያካባ፣ ሞሬቴስ ወይስ ቲራዴንቴስ? የብራዚልን የተራራ ባቡር መንደርና የአገር ምግብ አብሮ ለማየት የንጽጽር መመሪያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር ከጀመረ ወዲህ ብራዚል የሚሄድ ሰው በርክቷል። አንዱ ለንግድ፣ ሌላው ለስብሰባ ይሄዳል፤ ወደ ቦነስ አይረስ ሲያልፍ አንድ ሁለት ቀን የሚያርፍም አለ። ብዙዎቹ ከተማዋን በገበያ አዳራሽና በጥብስ ቤት ብቻ አይተዋት ይመለሳሉ። ትንሽ ወጣ ብሎ አሮጌ የባቡር መንደር ማየትና የአገሬው ሰው የሚበላውን መቅመስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሦስት ስም ይነገረዋል፦ ፓራናፒያካባ፣ ሞሬቴስ፣ ቲራዴንቴስ። ሁሉም ስለ ሁሉም «አያምልጥህ» ይላል። ግን ሦስቱ የተለያየ ነገር ናቸው፤ ያለቦታው የመረጠ ሰው ቀኑንም ገንዘቡንም ያጣል።

እኔ ሦስቱንም አይቻለሁ። ፍርዴን ከአሁኑ ልናገር፦ ፓራናፒያካባ የሚኬደው ለመንደሩ ነው፣ ሞሬቴስ ለባቡር ጉዞው፣ ቲራዴንቴስ ለማዕዱ። ከታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

ቦታ ከመምረጥህ በፊት አራት ነገር ራስህን ጠይቅ።

ስንት ቀን አለህ? ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ብራዚል ሰፊ አገር ናት፤ ካርታ ላይ ጎረቤት የመሰለ ከተማ የሰባት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ባቡር ስትል ምን ማለትህ ነው? ተሳፍሮ ገደል ገደሉን መሄድ ነው ወይስ ባቡሩ የፈጠረውን ኑሮ፣ ቤቱን፣ ሰዓቱን፣ የዛገውን ሞተር ማየት? ሁለቱ በአንድ ቦታ እኩል አይገኙም።

ምን ትበላለህ? ይህን የውጭ መጽሔቶች አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች የአሳማ ሥጋና የአሳማ ሞራ የማይገባበት ድስት ጥቂት ነው። ባቄላ ብለው የሚያቀርቡልህ እንኳ ብዙ ጊዜ በአሳማ የተቁላላ ነው። በጾም ወቅት የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል።

አራተኛው ወጪ ነው። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ግን ከሦስቱ የትኛው እንደሚረክስና የትኛው እንደሚወደድ ግልጽ ነው፣ በየቦታው እጠቅሰዋለሁ።

ፓራናፒያካባ፦ ባቡሩ የሠራው መንደር

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን መንደር ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ላይ የምድር ባቡር ሰዎች በፕላን የሠሩት ከዚራ አለ፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ በንግድ ያደገው መጋላ። ፓራናፒያካባም እንዲሁ ለሁለት የተከፈለ ነው። የታችኛው ሰፈር የእንግሊዝ ኩባንያው ነው፤ ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ቤቱ የእንጨት፣ ሁሉም በማዕረግ የተደለደለ። ላጤ ሠራተኛ ለብቻው፣ ባለቤተሰብ ለብቻው፣ መሐንዲስ ለብቻው ነው የሚኖረው። የላይኛው ሰፈር የነጋዴውና የጡረተኛው ነው፤ ቤቱ እንደ ፖርቱጋል ልማድ በቀለም ያሸበረቀ፣ እርስ በርሱ የተደጋገፈ። በመሐል የሐዲዱ ሜዳ አለ፣ በላዩ ላይ የእግረኛ የብረት ድልድይ።

ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ካስቴሊኞ ወይም «ትንሹ ግንብ» የሚሉት የዋና መሐንዲሱ ቤት ይታያል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። መስኮቶቹ በየአቅጣጫው ወደ ሐዲዱና ወደ ሠራተኛው ቤቶች ያያሉ። በዚያ መስኮት አጠገብ የቆመ ሰው ማን ዘግይቶ እንደመጣ፣ ማን ሥራ ፈትቶ እንደቆመ ያውቅ ነበር። እዚያ ስትቆም የኩባንያ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ትረዳለህ፤ ብዙ ከማንበብ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የተሠራው ለቡና ነው። ከእኛ ጫካ ተነስቶ በብዙ እጅ አልፎ ብራዚል የደረሰው ቡና በሳኦ ፓውሎ ደጋ ላይ በዛ፤ ወደ ሳንቶስ ወደብ ማውረድ ግን ጭንቅ ነበር፤ በመሐል ሴራ ዶ ማር የሚባለው ተራራ ገደል ሆኖ ቆሟል። መስመሩ በ1867 ተከፈተ፤ ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ከሳንቶስ እስከ ጁንዲያይ 139 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚያ ውስጥ 8 ኪሎ ሜትር ያህሉ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወጣ ዳገት ነበር። ያንን ባቡር በራሱ ጉልበት አይወጣውም። ስለዚህ ዳገቱን በአራት ከፍለው በየደረጃው የእንፋሎት ሞተር ተከሉ፤ ሞተሩ የብረት ገመድ ይስባል፣ ገመዱ ፉርጎውን። የሚወርደው ፉርጎ ክብደት የሚወጣውን ያግዛል፤ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዱ ሁለት ባልዲዎች አስበው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሌላ ባለ አምስት ደረጃ መስመር ተጨመረ። ዛሬ የጭነት ባቡር የሚወጣው በጥርሳም ሐዲድ ነው፤ የገመዱ ሞተሮች ግን በሙዚየም አሉ፣ ጎማቸው ከሰው ቁመት በላይ ነው።

ጥንቃቄ፦ መደበኛ የመንገደኛ ባቡር እዚህ አይደርስም። ርካሹ መንገድ ከከተማው በ10ኛው መስመር ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ሪዮ ግራንዴ ዳ ሴራ ሄዶ ከዚያ አውቶቡስ መያዝ ነው። ከሉዝ ጣቢያ የሚነሳ የቱሪስት ባቡርም አለ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ስለሚሄድና ቶሎ ስለሚሞላ ቀኑን አጣርተህ ቲኬቱን ቀድመህ ቁረጥ። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው የመመለሻውን ሰዓት ሲደርስ ወዲያው ይጠይቅ፤ ማታ ላይ ይሳሳል።

ስሙ በቱፒ ቋንቋ «ባሕር የሚታይበት ቦታ» ማለት ነው። ባሕሩ ግን ሁልጊዜ አይታይም። ድልድዩ ላይ ቆሜ የሰዓቱን ማማ እያየሁ ነበር፤ የለንደኑን ቢግ ቤን የሚያስታውስ ማማ ነው፣ አጠገቡ የነበረው አሮጌ ጣቢያ በ1981 ተቃጥሎ እሱ የተረፈ። ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ፤ መጀመሪያ ሐዲዱን፣ ቀጥሎ የቆሙትን የዛጉ ፉርጎዎች፣ ከዚያ ሰዓቱን ዋጠው። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፣ መልካቸው አይታይም። እጄን የደገፍኩበት ብረት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ረጠበ። ከዚህ መንደር ይህን ነው የምወድደው። ፀሐይና ጥርት ያለ ፎቶ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ቅር ሊለው ይችላል። ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ግድ ነው፣ ሐምሌ ላይ በተለይ፤ ለእነሱ ክረምት ነውና።

ምግቡስ? ልብ የሚነካ ሳይሆን እውነተኛ ነው ብዬ እገልጸዋለሁ። የቤት ወጥ የሚያቀርቡ ትናንሽ ቤቶች አሉ፦ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የተጠበሰ ሥጋ ወይም ዶሮ። ቅዳሜ ከሆነ ፌይጆዋዳ አይጠፋም፤ ጥቁር ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ በሩዝ፣ በደቃቁ በተከተፈ ጎመንና በብርቱካን የሚበላው። የመንደሩ ኩራት ግን ካምቡሲ የሚባል ፍሬ ነው። ቢበስልም አረንጓዴነቱ አይለቀውም፤ ቅርጹ ሁለት ሳህን አፍ ለአፍ የተገጠሙ ይመስላል፤ ጥሬውን ቢነክሱት ጥርስ ያስጨብጣል። ስለዚህ በጭማቂ፣ በማርማላታ፣ በአይስክሬም፣ በሥጋ ላይ በሚፈስ መረቅ ያቀርቡታል፤ ካሻሳ በሚባለው የሸንኮራ አገዳ አረቄ ውስጥም ይነክሩታል። ለጾመኛ ከዚህ መንደር የሚያስደስተው እሱ ነው፤ ጭማቂው አንድ ብርጭቆ ሲጠጡት ጉሙን ያስረሳል።

ከሰኞ እስከ አርብ ብዙው ቤት ዝግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ አትሂድ።

ሞሬቴስ፦ ጉዞው ራሱ

ሞሬቴስ የተራራ መንደር አይደለም፤ ከተራራው ግርጌ፣ ኒውንዲያኳራ በሚባል ወንዝ ዳር የተቀመጠ ቆላ ከተማ ነው። የተራራ የሚያሰኘው መድረሻው ሳይሆን መንገዱ ነው። ባቡሩ ከኩሪቲባ፣ ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ይነሣና 70 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ሰዓት ገደማ ይወርዳል። በ1885 የተከፈተ መስመር ነው። ገመድ የለ፣ ጥርስ የለ፤ ሐዲዱ ብቻ ተራራውን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘ፣ ዋሻ ውስጥ እየገባ እየወጣ ይሄዳል። ካርቫልዮ የሚባለው ድልድይ ላይ ሐዲዱ ከገደሉ ጎን ስለሚወጣ በመስኮት ስታይ ከሥርህ መሬት የለም፤ ሳኦ ዦኦ የተባለው የብረት ድልድይ ከሸለቆው 55 ሜትር ይርቃል። ስትወርድ በግራ በኩል ያለውን ወንበር ያዝ፤ ዋናው እይታ በዚያ ነው።

የዚህን መስመር ታሪክ ለኛ አንባቢ ሳልነግር ባልፍ ደስ አይለኝም። ሐሳቡን ካመነጩት መካከል አንቶኒዮና አንድሬ ሬቦሳስ የተባሉ ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለቱም ጥቁር ብራዚላውያን መሐንዲሶች፣ በዚያን ጊዜ ብራዚል ውስጥ ባርነት ገና በሕግ ሳይሻር (የተሻረው በ1888 ነው)። አንድሬ ለባርነት መሻር በግንባር ከታገሉት አንዱ ነው። ባቡሩ ውስጥ ይህን ማንም ላይነግርህ ይችላል፤ አንተ ግን እያወቅህ ተሳፈር።

ምግቡ አንድ ነው፤ ባሬያዶ። ስሙ የመጣው ከመምረግ ነው። የከብት ሥጋ፣ ከሙንና ሽንኩርት በሸክላ ድስት ይደረጋል፤ ክዳኑ በካሳቫ ዱቄት ሊጥ ይመረጋል፣ እኛ አገር የአረቄ ማውጫው እንስራ እንደሚመረገው፤ ከዚያ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ በለዘበ እሳት ይቆያል። ሲከፈት ሥጋው ክር ክር ሆኖ ይበተናል። ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አስተናጋጁ ሳህንህ ላይ የካሳቫ ዱቄት ያደርጋል፣ የሚፍለቀለቀውን መረቅ በላዩ ያፈሳል፣ ያማስላል። ገንፎ ነው! ገንፎ ሲጠነክር የሚያወጣውን ያንን «ጥፕ ጥፕ» የሚል ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ያው ነው። ከዚያ ሳህኑን አንሥቶ ራስህ ላይ ይገለብጠዋል። ካልወደቀ በደንብ ተማስሏል ማለት ነው። የኔ አልወደቀም፤ እጄን ግን ራሴ ላይ አድርጌ ነበር። በላዩ ላይ የተከተፈ ሙዝ ጣል ይደረጋል። ሙዝ ከወጥ ጋር አልበላም ያለ ሰው አንዴ ይሞክር፤ ቅባቱን ይቆርጠዋል።

አሳማ የማይበላ ሰው ግን ልብ ይበል፦ ባሬያዶ የከብት ነው ቢባልም በብዙ አሠራር ሥሩ ላይ የአሳማ ስብ ይነጠፋል። ሥጋው ክር ክር ካለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ፤ የባሕሩ ዳርቻ ቅርብ ስለሆነ ዓሣ አማራጭ ሆኖ ይገኛል።

ወጪው መካከለኛ ነው፤ ከሳኦ ፓውሎ ኩሪቲባ በአውቶቡስ ሌሊቱን መድረስ ይቻላል፣ የባቡሩ ዋጋ ደግሞ እንደ ክፍሉ ማዕረግ ይለያያል። ርካሹ ክፍልና ውዱ ክፍል የሚያዩት ተራራ አንድ ስለሆነ ለወንበር ልስላሴ ብለህ ብዙ አትክፈል። ስትመለስ በመኪና ና፤ ግራሲዮዛ የሚባለው አሮጌ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ራሱ ውብ ነው።

ቲራዴንቴስ፦ ማዕዱ

ሰዎቹ ሲጠሩት «ቺራዴንቺስ» ይሉታል፤ «ጥርስ ነቃይ» ማለት ነው፣ በ1792 ለነጻነት ሲል በተሰቀለው ሰው ቅጽል ስም የተሰየመ። በወርቅ ዘመን የተቆረቆረ ከተማ ነው፤ በ1881 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፔድሮ በተገኙበት የተከፈተው ባቡር ከሳኦ ዦኦ ዴል ሬይ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። የሐዲዱ ስፋት 76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እውነተኛ እንፋሎት፣ እውነተኛ ፉጨት፤ ግን ዳገት የለም። ሜዳና ወንዝ ዳር ይዞ የሚሄድ፣ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ጉዞ ነው። የተራራ ባቡር ብሎ ለሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር ሐቅ ነው። ልጆች ካሉህ ግን ከሦስቱ እነሱን የሚያስቦርቀው ይኸኛው ነው፤ ሎኮሞቲቩ በሚሽከረከር መድረክ ላይ ሲዞር ቆመው ያያሉ።

ገበታው ሌላ ነገር ነው። ቲራዴንቴስ ያለበት የሚናስ ክልል ምግብ በብራዚላውያን ዘንድ የእናት ምግብ ነው። ፌይጃዎ ትሮፔይሮ የሲራራ ነጋዴ ስንቅ ነበር፤ ባቄላ ከካሳቫ ዱቄት ጋር ደረቅ ተደርጎ፣ በበቅሎ ጭነት ሳይበላሽ እንዲሄድ፤ ለኛ መንገደኛ በሶና ዳቦ ቆሎ እንደነበረው። ዶሮ ከባሚያ ጋር፣ በበቆሎ ገንፎ። ኦራ ፕሮ ኖቢስ የሚባል ቅጠል፣ ስሙ በላቲን «ስለ እኛ ጸልይ»። በአጥር ላይ የሚበቅል የድሃ ቅጠል የነበረ ሲሆን ዛሬ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ያቀርቡታል። ከካሳቫ ስታርችና ከአይብ የሚጋገረው ትንሹ ዳቦ ትኩሱን ከቡና ጋር ሲሆን ሌላ ቁርስ አያስመኝም። የሚናስ የእጅ አይብ አሠራር በ2024 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቁራሹን ከዘይቱን ፍሬ ማርማላታ ጋር አብረህ ጉረስ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አሳማ። እዚህ የሚቁላላው በአሳማ ሞራ ነው፤ የጎመኑ ድስት እንኳ አያመልጥም። ዶሮ ከባሚያ ጋር የሚመርጥ ሰውም ሞራውን መጠየቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ዋጋ። ከሦስቱ የሚወደደው ይህ ነው፤ በኦገስት የምግብ ፌስቲቫል ሲሆን ደግሞ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ ያስታውስ፦ ኦገስት የፍልሰታ ጾም ወር ነው። በጾም ወደ አይብ አገር መሄድ ራስን ማስጨነቅ ነው።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ፓራናፒያካባ | ሞሬቴስ | ቲራዴንቴስ |
|---|---|---|---|
| ከሳኦ ፓውሎ ርቀት | 50 ኪ.ሜ. ገደማ | እስከ ኩሪቲባ 400 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ከዚያ ባቡር | 480 ኪ.ሜ. ገደማ |
| የሚፈልገው ጊዜ | አንድ ቀን | ሁለት ቀን | ሦስት ቀን |
| የባቡር ጉዞ | ውስን፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ | እጅግ ውብ፣ አራት ሰዓት | አጭር፣ በእንፋሎት |
| መንደሩ | ከሦስቱ የበለጠ | ደስ ይላል፣ ትንሽ ነው | በጣም ያምራል |
| መለያ ምግብ | ካምቡሲ፣ የቤት ወጥ | ባሬያዶ | የሚናስ ምግብ፣ አይብ |
| አሳማ ለማይበላ | በጥያቄ ይቻላል | ዓሣ አለ፣ ባሬያዶን ጠይቅ | ይከብዳል |
| ለጾመኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | አስቸጋሪ |
| ወጪ | ርካሽ | መካከለኛ | ውድ |

ለማን የትኛው

በበረራ መካከል አንድ ቀን ብቻ ካለህ፣ ያ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ፣ ሌላ አታስብ፤ ፓራናፒያካባ ሂድ። ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ግን ቅር አይበልህ፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የሉዝን ጣቢያ አይተህ ፌይጆዋዳ ብላ፤ በዚያ ከተማ ረቡዕና ቅዳሜ የፌይጆዋዳ ቀን ነው።

ገንዘብ የሚቆጥር ተማሪ ወይም ነጋዴም እዚያው ይሂድ። ፎቶ የሚወድ፣ ተራራ የሚወድ፣ ሁለት ቀን ያለው ሰው ሞሬቴስ ይሂድ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ፣ ሳምንት ያለውና በምግብ የማይቸገር ሰው ቲራዴንቴስን ይምረጥ፤ ከሳኦ ፓውሎ ይልቅ ከቤሎ ኦሪዞንቴ ቢነሣ መንገዱ በግማሽ ያጥራል።

አረጋውያን እናትና አባት ይዞ ለሚሄድ ደግሞ ሞሬቴስን እመክራለሁ፤ ተቀምጠው ያያሉ። የፓራናፒያካባ ዳገትና እርጥብ ድንጋይ፣ የቲራዴንቴስም ያልተስተካከለ ንጣፍ ለጉልበት አይመችም።

አንዳንዶች ካምፖስ ዶ ዦርዳዎን ይጨምራሉ፤ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ በ1914 የሳንባ ሕመምተኞችን ለማድረስ ባቡር የተዘረጋለት ደጋ ከተማ ነው። ዛሬ የሀብታም መዝናኛ ሆኗል፤ ቤቱ ስዊዘርላንድን ለመምሰል የተሠራ ስለሆነ የብራዚልን ጓዳ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውም ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ እንዲሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ይወሰድ፤ ሦስቱም ቦታዎች ጫካ ዳር ናቸው።

ማዕድ ላይ የሚጠቅሙህ ጥቂት ቃላት እነሆ፦ «ሴን ፖርኩ» ያለ አሳማ፣ «ሴን ባኛ» ያለ አሳማ ሞራ፣ «ሴን ካርኒ» ያለ ሥጋ። «ካርኒ» ብለህ ብቻ ስትጠይቅ ብዙው አስተናጋጅ የከብት ሥጋ ብቻ ይመስለዋል፤ ቤከንና ቋሊማ በዚያ ቃል ውስጥ አይቆጠሩለትም። ስለዚህ «ቶሲኞ» እና «ሊንግዊሳ» አለው ወይ ብለህ ለየብቻ ጠይቅ። በጣም የተጠራጠርህ እንደሆነ በኪሎ የሚሸጥ ምግብ ቤት ግባ፦ ድስቱን በዓይንህ ታያለህ፣ የምትፈልገውን ብቻ ትጨልፋለህ፣ ሳህንህ ይመዘናል፣ በክብደቱ ትከፍላለህ።